በግራም የሚለካ ነፃነት፦ በአደንዛዥ ዕፅ ይዞታ ክሶች የዋስትና ጥያቄ በህንድ ፍርድ ቤቶች

ዋስትና የሚጠየቀው ጥፋተኝነት ሳይረጋገጥ ነው። በዚያ ሰዓት ዳኛው እጅ ላይ ያለው የፖሊስ መዝገብ፣ የዐቃቤ ሕግ ተቃውሞና የጠበቃ ማመልከቻ ብቻ ነው፤ ምስክር አልተሰማም፣ ኤግዚቢትም በችሎት አልታየም። በአብዛኞቹ የወንጀል ዓይነቶች ይህ ዳኛውን ብዙ አያስቸግረውም፤ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸውና። ተከሳሹ ቢለቀቅ በቀጠሮው ይቀርባል ወይ? ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል ወይ? ሌላ ወንጀል ይፈጽም ይሆን? በአደንዛዥ ዕፅ ክሶች ግን አንዳንድ አገሮች በእነዚህ ላይ የከበደ ጥያቄ ደርበውባቸዋል። ህንድ ከእነዚህ አንዷ ናት፤ ብዙ መጠን ያለው ዕፅ ይዞ ተገኘ የተባለን ሰው በዋስ ለመልቀቅ ዳኛው ሰውየው ጥፋተኛ አይደለም ብሎ ለማመን የሚያበቃ ምክንያት እንዲያገኝ ሕጉ ያስገድዳል። ጉዳዩን ለመመርመር ህንድን የምመርጠውም ለዚህ ነው። በዚያ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ የተከማቹት ውሳኔዎች፣ አንድ ሕግ ዳኛን በዋስትና ደረጃ ሊመልሰው የማይችለውን ነገር ሲጠይቀው ችሎቶች ወዴት እንደሚገፉ በግልጽ ያሳያሉ። እንደ እኔ ንባብ ከሰውየው ይልቅ ክብደቱን ወደ መመዘን ተገፍተዋል፤ ከዚያ የመለሳቸውም የጊዜ ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ፣ ዓ.ም. ከተባሉት በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከኦፒየም ሕጎች እስከ አንቀጽ 37

ከነፃነት በፊት የህንድ የዕፅ ሕግ በአመዛኙ የግብርና የንግድ ቁጥጥር ሕግ ነበር። የ1857 እና የ1878 የኦፒየም ሕጎች ማን ያምርት፣ ማን ይሽጥ የሚለውን የሚወስኑ ነበሩ፤ የ1930 የአደገኛ ዕፆች ሕግም ከዚህ መንፈስ ብዙም አልራቀም። ለውጡ የመጣው በ1985 ነው። በዚያ ዓመት ፓርላማው አዲሱን የአደንዛዥ ዕፆችና የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ሕግ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አጸደቀ፤ ሕጉም ኅዳር ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ለአብዛኞቹ ወንጀሎች ዝቅተኛው ቅጣት 10 ዓመት፣ ከፍተኛው 20 ዓመት ሆነ። ሆኖም የመጀመሪያው ሕግ ስለ ዋስትና የተለየ ነገር አልነበረውም፤ ዳኞች በመደበኛው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይሠሩ ነበር።

መደበኛው ሥርዓት ደግሞ በዚያ ዘመን ወደ ነፃነት ያዘነበለ ነበር። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ክሪሽና አየር በ1977 በሰጡት አጭር ውሳኔ መሠረቱ ዋስትና እንጂ እስር አለመሆኑን ጽፈው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመትም ድሃ ተከሳሽ ሊያሟላው የማይችለውን የዋስትና ገንዘብ መጠየቅ ዋስትናን መንፈግ መሆኑን በሌላ ውሳኔ አስረድተዋል። ፓርላማው በ1989 ሥራ ላይ ባዋለው ማሻሻያ ከዚህ መንፈስ ወጣ። ምክንያቱ በግልጽ የተነገረ ነው፤ በዋስ የተለቀቁ የዕፅ ነጋዴዎች ይጠፋሉ፣ ወይም ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ የሚል ስጋት ነበር። አዲሱ አንቀጽ 37 አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ሁሉ ሁለት ሁኔታዎችን ደነገገ። ዐቃቤ ሕግ ዋስትናውን ከተቃወመ፣ አንደኛ ተከሳሹ ጥፋተኛ አይደለም ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት መኖር አለበት፤ ሁለተኛ በዋስ ላይ ሳለ ሌላ ወንጀል አይፈጽም ተብሎ መታመን አለበት። ሁለቱ ካልተሟሉ ዋስትና የለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1991 እነዚህ ሁኔታዎች የከፍተኛ ፍርድ ቤቶችን ሰፊ የዋስትና ሥልጣን ጭምር እንደሚገድቡ ሲወስን፣ ወደ ላይ ወጥቶ የማምለጫው በርም ተዘጋ።

ግራሙና ድብልቁ

የ1985ቱ ሕግ ትልቁ ግፍ ለራሱ የሚጠቀመውንና የሚነግደውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጡ ነበር። ይህን ለማረም በ2001 በተደረገው ማሻሻያ ዕፆች በመጠን ለሦስት ተከፈሉ፤ አነስተኛ፣ መካከለኛ እና የንግድ መጠን። ለሄሮይን አነስተኛው እስከ 5 ግራም፣ የንግዱ ከ250 ግራም በላይ ነው። ለጋንጃ 1 ኪሎ እና 20 ኪሎ፣ ለሐሺሽ 100 ግራም እና 1 ኪሎ፣ ለኮኬይን 2 ግራም እና 100 ግራም ሆነ። የአንቀጽ 37 ጥብቅ ሁኔታዎችም ከጥቂት ልዩ ወንጀሎች በቀር የንግድ መጠን ላይ ብቻ እንዲሠሩ ተደረገ። ማሻሻያው ብዙዎችን ከእስር ያወጣ የእውነት እርምጃ ነበር። ችግሩ ግን አብሮት መጣ፤ የዋስትናው ዕጣ በሙሉ በአንድ ቁጥር ላይ ተንጠለጠለ። 249 ግራም ሄሮይን ይዞ ተገኘ የተባለ ሰው መደበኛውን የዋስትና መመዘኛ ያገኛል፤ 251 ግራም የተባለው ጥፋተኛ ላለመሆኑ ምክንያት እንዲያሳይ ይጠየቃል።

ቁጥሩ እንዲህ ከከበደ፣ የሚመዘነው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ የሞት ሽረት ይሆናል። መንገድ ላይ የሚሸጥ ሄሮይን በስኳር፣ በካፌይን ወይም በሌላ ዱቄት የተበረዘ ነው። 300 ግራም ዱቄት ተይዞ በውስጡ ያለው ንጹሕ ሄሮይን አንድ አሥረኛ ቢሆን፣ ንጹሑ 30 ግራም ብቻ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 የሚቆጠረው ንጹሑ ነው አለ፤ በዚህ ስሌት ሰውየው መካከለኛ እርከን ላይ ነው። መንግሥት በ2009 ባወጣው ማስታወቂያ ድብልቁ በሙሉ ይመዘን አለ። በሚያዝያ 2020 ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት የ2008ቱን ውሳኔ ሽሮ የመንግሥትን አቋም አጸና፤ ያው ሰው የንግድ መጠን እርከን ውስጥ ገባ። ችሎቱ ያቀረበው ምክንያት ቀላል የሚባል አይደለም፤ ዕፁ ለተጠቃሚው የሚደርሰው ተበርዞ ስለሆነ ጉዳት የሚያደርሰውም ድብልቁ ነው የሚል ነበር። ይሁንና ይህ ክርክር ለቅጣት ሊያገለግል ይችል እንደሆነ እንጂ ለዋስትና አይመጥንም። ከሁሉ አብዝቶ የተበረዘውን የሚይዘው የመንገድ ላይ ቸርቻሪው ነው፤ ንጹሑን የሚያንቀሳቅሰው ጅምላ ነጋዴ ከሰንሰለቱ ላይኛው ጫፍ ነው። ድብልቁን መመዘን ታችኛውን ሰው ከላይኛው ጋር ያስተካክላል። ሰንሰለቱን ለመበጠስ የወጣ ሕግ ከሰንሰለቱ ትንሹን ቀለበት አጥብቆ ሲይዝ፣ ዓላማው ራሱ ይከሽፋል።

“ጥፋተኛ አይደለም ብሎ ለማመን”

በንግድ መጠን ክሶች ዋናው የሕግ ክርክር የሚያጠነጥነው በዚህ ሐረግ ላይ ነው። ሁለት አቋሞች አሉ። የመጀመሪያው ጥብቁ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2004 “በቂ ምክንያት” ማለት መዝገቡ ላይ ላዩን ሲታይ ከሚገኘው በላይ የሆነ፣ ጥፋተኛ አለመሆኑን በጠንካራ ሁኔታ የሚያመለክት ነገር ነው ብሎ ወሰነ። በ2022 ደግሞ ከተከሳሹ እጅ ምንም ዕፅ አለመገኘቱ ብቻውን ይህን መመዘኛ እንደማያሟላ ገልጾ፣ የሥር ፍርድ ቤት የፈቀደውን ዋስትና ሰረዘ። ሁለተኛው አቋም ለስለስ ያለ ነው። በ2007 በተሰጠ ውሳኔ ዳኛው ነፃ የማሰናበት ፍርድ እንደሚጽፍ ሆኖ ማስረጃ እንዳይመዝን፣ ለዋስትና ያህል ብቻ እንዲያይ ተነገረው። በመጋቢት 2023 ደግሞ ዳኛ ራቪንድራ ብሃት በጻፉት ውሳኔ ድንጋጌው ቃል በቃል ከተነበበ ዋስትና ጨርሶ እንደማይኖር፣ ስለዚህም መዝገቡን ላይ ላዩን ሲያዩት ተከሳሹ ጥፋተኛ የማይመስል ከሆነ በቂ እንደሆነ ተገለጸ።

ሁለቱ አቋሞች የሚለያዩት በመጠን ይመስላል፤ ስር ሲሉት ግን የሚለያዩት የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ ነው በሚለው ነው። በጥብቁ ንባብ ተከሳሹ ማስረጃ ሳይሰማ፣ መስቀለኛ ጥያቄ ሳይጠይቅ፣ ብዙ ጊዜም የክሱን ሙሉ መዝገብ ሳያገኝ ንጹሕነቱን እንዲያሳይ ይጠበቃል። ሕጉ ራሱ ደግሞ ይዞ ለተገኘ ሰው አውቆ እንደያዘ የሚገምትባቸው ድንጋጌዎች አሉት፤ አንቀጽ 35 እና 54። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 እነዚህ ግምቶች ሕገ መንግሥቱን እንደማይጥሱ ሲወስን አንድ ቁም ነገር አክሏል፤ ግምቱ የሚነሣው ዐቃቤ ሕግ መጀመሪያ የይዞታውን ፍሬ ነገር ካረጋገጠ በኋላ ነው። ታዲያ በዋስትና ደረጃ ዐቃቤ ሕግ ገና ምንም ባላረጋገጠበት ሰዓት ተከሳሹ የግምቱን ሸክም ለምን ይሸከማል? ለስላሳው ንባብ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው፤ ጥብቁ የለውም። ስለዚህ የ2023ቱን ንባብ ትክክለኛ አድርጌ የምወስደው ለተከሳሽ ስለሚያደላ ሳይሆን ከሕጉ ሌሎች ክፍሎች ጋር አብሮ ሊነበብ የሚችለው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ኪስ፣ ቦርሳ፣ ስልክ

በተግባር ዳኞች ይህን ክርክር የሚፈቱት በማስረጃው አሰባሰብ በኩል ነው። እዚህ ላይ ዝርዝሩ ብዙ ይናገራል። ሕጉ አንድ ሰው በአካሉ ላይ ከመፈተሹ በፊት ማጅስትሬት ወይም ከፍተኛ ሹም ባለበት እንዲፈተሽ የመጠየቅ መብት እንዳለው ሊነገረው ይገባል ይላል፤ አንቀጽ 50። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1999 በአምስት ዳኞች ይህን ግዴታ አጽንቶታል። በ2005 ግን ቦርሳ የሰው አካል አይደለም ተባለ። ስለዚህ ሐሺሹ ከሱሪ ኪስ ከተገኘ ሥርዓቱ በጥብቅ ይመረመራል፤ ትከሻው ላይ ካንጠለጠለው ቦርሳ ከተገኘ ይህ ጥበቃ ይቀራል። ከዚህ ቀጥሎ ናሙና አለ። አንቀጽ 52ሀ የተያዘው ዕፅ ዝርዝሩ ተመዝግቦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ናሙናው ማጅስትሬት ባለበት እንዲወሰድ ያዛል። ፖሊስ ግን በለመደው አሠራር እዚያው መንገድ ዳር ከየጥቅሉ ቆንጥሮ ይወስዳል። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለው አሠራር ማስረጃውን ጥርጣሬ ላይ እንደሚጥል ወስኖ ነበር፤ በታኅሣሥ 2024 ሌላ ችሎት ደግሞ የ52ሀ ጉድለት ብቻውን ለዋስትና ምክንያት አይሆንም አለ። የመጀመሪያው ስለ ጥፋተኝነት ፍርድ፣ ሁለተኛው ስለ ዋስትና የተሰጠ ስለሆነ በሕግ ቋንቋ አይጋጩም ይባላል። በወኅኒ ለሚጠብቀው ሰው ግን ልዩነቱ ዓመታት ነው፤ በመጨረሻ ነፃ የሚያወጣው ጉድለት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዝገቡ ላይ ነበረ።

የእምነት ቃልም እንዲሁ። ለረጅም ጊዜ የናርኮቲክስ ቁጥጥር ቢሮ መኮንኖች በአንቀጽ 67 የሚቀበሉት ቃል፣ ፖሊሶች አይደሉም በሚል፣ እንደ ማስረጃ ይቀርብ ነበር። በጥቅምት 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዳኛ ናሪማን መሪነት ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ መኮንኖቹ እንደ ፖሊስ ይቆጠራሉ፣ ቃሉም ለማስረጃነት አይውልም አለ። ውጤቱ በዋስትና ችሎቶች ወዲያው ታየ፤ ከሌላ ተከሳሽ በተገኘ ቃል ብቻ ታስረው የነበሩ ሰዎች መከላከያ አገኙ። ቃሉ ሲወድቅ መርማሪዎች ወደ ስልክ ዞሩ። በጥቅምት 2021 የቦሊዉዱ ተዋናይ የሻህ ሩክ ካን ልጅ በሙምባይ በተያዘበት ጉዳይ ከእሱ ላይ ምንም ዕፅ አልተገኘም ነበር፤ ክሱ የቆመው በዋትሳፕ መልእክቶችና በሴራ ክስ ላይ ነበር። የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መልእክቶቹ ሴራ እንደማያሳዩ ገልጾ ዋስትና ሰጠው፤ በቀጣዩ ዓመት ግንቦትም ክሱ ከእሱ ላይ ተነሣ። ይህ ጉዳይ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ስለሆነ አንድ የማይመች እውነት አብሮ መነገር አለበት፤ ሳይዘገይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደው የአገሪቱን ምርጥ ጠበቆች ማቆም የሚችል ቤተሰብ ስላለው ነው። ከአነስተኛ ከተማ የተያዘ የጭነት መኪና ረዳት ይህ ዕድል የለውም።

የጊዜ ጥያቄ

ክብደቱና ማስረጃው በሚያስኬዱት ሙግት መሐል ጊዜ እንደ ሦስተኛ መመዘኛ የገባው በ1994 ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሕግ ድጋፍ ኮሚቴ ባቀረበው አቤቱታ ላይ ችሎቱ ዝቅተኛ ቅጣቱ 10 ዓመት በሆነ ክስ አምስት ዓመት የታሰረ ሰው በ100 ሺህ ሩፒና በሁለት ዋሶች እንዲለቀቅ አዘዘ። ትእዛዙ በዚያን ጊዜ ለተከማቹ መዝገቦች የተሰጠ ነበር እንጂ ቋሚ መመሪያ አልነበረም፤ ነገር ግን መርሑ ተዘራ። ፈጣን ፍርድ የማግኘት መብት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 አካል ከሆነ፣ ፍርዱን የሚያዘገየው መንግሥት ዋስትናን ሊከለክል አይገባም።

መርሑ እንደገና የተነሣው በ2023 ነው። በመጋቢቱ ውሳኔ የተለቀቀው ሰው ሲያዝ የሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ ሲሆን፣ 180 ኪሎ ጋንጃ ከተያዘበት መኪና ውስጥ አልነበረም፤ ከሰባት ዓመት በላይ ታስሮ ገና ብዙ ምስክሮች ያልተሰሙለት ነበር። ዳኛ ብሃት እስር በድሃ ቤተሰብ ላይ የሚያስከትለውን የኑሮ መፍረስ ዘርዝረው ጽፈዋል። በሐምሌ ወር ሌላ ችሎት 247 ኪሎ ጋንጃ በተያዘበት ጉዳይ ሦስት ዓመት ተኩል የታሰረን ተከሳሽ ሲለቅ፣ የተራዘመ እስር ከአንቀጽ 37 ክልከላ እንደሚበልጥ ገለጸ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የዋስትናው መነሻ የተከሳሹ ንጹሕነት መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት መዘግየት ሆነ። በህንድ ወኅኒዎች ካሉት ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ፍርድ የሚጠብቁ መሆናቸው ሲታሰብ የእርምጃው ስፋት ይገባል። ጉድለቱ ግን ቁጥር አለመያዙ ነው። አንዱ ችሎት ሦስት ዓመት ተኩል ይበቃል ሲል ሌላው አምስት ዓመት አልፎም ክብደቱን ያያል። 1994 ያስቀመጠው ዓይነት ግልጽ ገደብ እስካልተመለሰ ድረስ፣ የአንድ ሰው ነፃነት መዝገቡ በየትኛው ችሎት እንደተመራ ይወሰናል።

ተቃውሞዎቹ

ጥብቁን አሠራር የሚደግፉ ሰዎች የሚያነሡትን ነጥብ ማቃለል አይገባም። የመጀመሪያው የዕፅ ንግድ የተደራጀና ገንዘብ ያለው ስለሆነ ተራ ዋስትና አይይዘውም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ለትልቅ ነጋዴ የዋስትና ገንዘብ የሥራ ወጪ ነው። ነገር ግን አንቀጽ 37 የሚለየው በክብደት እንጂ በድርጅት ውስጥ ባለ ቦታ አይደለም። ክብደቱን የሚሸከመው ደግሞ ሾፌሩ፣ ተሸካሚው፣ ቤቱን ያከራየው ነው። ስጋቱ ስለ ድርጅት ከሆነ ስለ ድርጅት ማስረጃ ይቅረብ። አሜሪካኖች በ1984 ባወጡት የዋስትና ሕግ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጡ የዕፅ ክሶች ተከሳሹ ይሸሻል ወይም ለሕዝብ አደገኛ ነው የሚል የሕግ ግምት አስቀምጠዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸውም በ1987 በአደገኛነት ምክንያት ማሰርን አጽድቋል። በዚያ ሕግ ላይ ብዙ ወቀሳ አለ። ቢያንስ ግን ተከሳሹ ማስተባበል የሚጠበቅበት የመሸሽና የአደገኛነት ግምትን ነው፤ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ሥራውና ስለ ኖረበት ሰፈር ማስረጃ ማቅረብ ይችላል። የህንዱ ተከሳሽ ግን ጥፋተኛ አለመሆኑን እንዲያሳይ ይጠየቃል። ይህ ማንም በወኅኒ ሆኖ ሊያሳየው የማይችል ነገር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሕግ አውጪውን ፈቃድ የሚመለከት ነው፤ ፓርላማ ጥብቅ አድርጎ ደንግጎ ሳለ ዳኛ በንባብ ማላላት የለበትም ይላሉ። ይህ ክርክር ጠንካራ የሚሆነው ድንጋጌው አንድ ንባብ ብቻ ቢኖረው ነበር። ሁለት ንባብ ሲኖር ሕገ መንግሥቱን የማይጥሰውን መምረጥ የዳኛ ግዴታ ነው። ፓርላማው ራሱ በ2001 የአንቀጹን ክልል ማጥበቡም የ1989ኙ መረብ ከሚገባው በላይ ሰፍቶ እንደነበር የሚያሳይ ነው።

ገና ያልተቋጩ

ሦስት ጥያቄዎች እስካሁን በተለያዩ ፍርድ ቤቶች የተለያየ መልስ ያገኛሉ። የመጀመሪያው አነስተኛ መጠንን ይመለከታል። የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2010 አነስተኛ መጠን መያዝ ዋስትና እንደ መብት የሚሰጥበት ወንጀል ነው ሲል፣ በ2020 በዚያው ፍርድ ቤት ሌላ ዳኛ በሕጉ ሥር ያሉ ወንጀሎች ሁሉ ዋስትና በዳኛ ፈቃድ ብቻ የሚሰጥባቸው ናቸው አሉ። ቢበዛ አንድ ዓመት በሚያስቀጣ ክስ ላይ ይህ አለመተማመን መኖሩ የሚያሳዝን ነው። ሁለተኛው የቤተ ሙከራ ውጤት ነው። በንግድ መጠን ክሶች መርማሪ ክሱን ለማቅረብ 180 ቀን አለው፤ እስከ አንድ ዓመትም ሊራዘምለት ይችላል። ክሱ ሲቀርብ የዕፁ ምርመራ ውጤት ከሌለበት ክሱ ጎደሎ ነው፣ ተከሳሹም ወዲያው ይለቀቅ ያሉ አሉ፤ ክሱ ሙሉ ነው፣ ውጤቱ ኋላ ይመጣል ያሉም አሉ። ዱቄቱ ሄሮይን መሆኑ ሳይታወቅ ሰውየው ሄሮይን በመያዝ ተከሰሰ ማለት እንዴት ሙሉ ክስ ሊባል እንደሚችል ለእኔ አይገባኝም።

ሦስተኛው የውጭ ዜጎችን ይነካል። የ1994ቱ ትእዛዝ የውጭ ዜጋ ፓስፖርቱ ተይዞ፣ ኤምባሲውም አገር ለቆ እንደማይወጣና በችሎት እንደሚቀርብ ማረጋገጫ እንዲሰጥ ይል ነበር። ኤምባሲ ስለ አንድ እስረኛ እንዲህ ያለ ቃል የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ ስለዚህ ሰውየው ባላጠፋው ጥፋት ይቀራል። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ናይጄሪያዊ ተከሳሽ በስልኩ ካርታ ላይ ያለበትን ቦታ ለመርማሪው ሁልጊዜ እንዲያሳይ የተጣለበትን ሁኔታ የግል ሕይወትን ይደፍራል ብሎ ሰረዘ፤ በ2025 መጀመሪያም የኤምባሲው ማረጋገጫ በእያንዳንዱ ጉዳይ የግድ እንዳልሆነ አስታወቀ። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ የሥር ፍርድ ቤት በምትኩ ምን ሊጠይቅ እንደሚገባው ገና አልለየም።

አንቀጽ 63 በእኛ ሕግ

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሩቅ ወሬ አይደለም። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19(6) ዋስትና መብት ነው፤ ክልከላው በሕግ በተደነገገ ልዩ ሁኔታ ነው። በ1954 ዓ.ም. የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 67 የሚያነሣቸው ምክንያቶች ሰውየውን የሚመለከቱ ናቸው፤ ግዴታውን ያከብራል ወይ፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይ፣ በምስክርና በማስረጃ ላይ ጣልቃ ይገባል ወይ። አንቀጽ 63 ግን እንደ ህንዱ 37 በር ነው፤ የሞት ቅጣትን ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራትን የሚያስከትል ክስ ሲሆን በሩ ይጠባል። የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ይዞ መገኘትን ጨምሮ ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ጣሪያውን አይጽፍም። ጣሪያ ካልተጻፈ ደግሞ የሕጉ አጠቃላይ ክፍል ጽኑ እስራት እስከ 25 ዓመት ሊደርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ዳኛው በሩን የሚለካው በመነሻው አምስት ዓመት ነው ወይስ በጣሪያው? አንቀጽ 63 በዚያው ዐረፍተ ነገር የተበደለው ሰው የመሞት ዕድልንም ያነሣል፤ በዕፅ ይዞታ ክስ ደግሞ የሚሞት ተበዳይ የለም። ሁለቱ ሁኔታዎች ተደምረው ይነበባሉ ከተባለ በሩ ይከፈታል፤ ለየብቻ ይነበባሉ ከተባለና መለኪያው ጣሪያው ከሆነ አንድ ጥቅል ሐሺሽ የያዘውም ሆነ ሻንጣ ሙሉ ኮኬይን የያዘው እኩል ይዘጋባቸዋል፤ ምክንያቱም የእኛው አንቀጽ 525 በግራም የተከፈለ እርከን የለውም። የህንዱ ልምድ እርከን ብቻውን እንደማይበቃ አሳይቷል፤ እርከን በሌለበት አገር ግን ልዩነቱን ሁሉ የሚሸከመው አንቀጽ 67 ነው፤ እሱ የሚነበበው ደግሞ የ63 በር መጀመሪያ ከተከፈተ ብቻ ነው።